የእግር ኳስን በር የያዘው ማን ነው?



የዚህ እትም የታሪክ ጽሑፋችን ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን ስለ እግር ኳስ ነው። «ኳስ ደግሞ መቼ ታሪክ ሆነ?» የሚል መምህር እንደማይጠፋ እገምታለሁ። ይሁን እንጂ ተማሪዎቻችን የዐድዋ ጦርነት የተካሄደበትን ዓመት ሲጠየቁ ያመነታሉ፤ የአርሰናልን አሰላለፍ ሲጠየቁ ግን አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል። ከሚያውቁት ተነስቶ ወደማያውቁት መውሰድ ደግሞ የእኛ የመምህራን ሥራ ነው።

መነሻ የሆነኝ በክፍል ውስጥ የተነሳ ጥያቄ ነው። አንድ ተማሪ «ሀብታም ሰው መጥቶ ክለባቸውን ሲገዛላቸው፣ ውድ ተጫዋች ሲያመጣላቸው፣ የአውሮፓ ደጋፊዎች ለምንድን ነው ሰልፍ የሚወጡት? እኛን የሚገዛን ጠፍቶ!» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን ከባድ ጥያቄ ነው። መልሱንም ለማግኘት እስከ እንግሊዝ ከመሄዳችን በፊት እዚሁ አካባቢያችን፣ ካርቱምና አዲስ አበባ ላይ ብዙ የምንማረው አለ።

የኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። ደጋፊ ሀብታምን የሚጠረጥረው በምቀኝነት አይደለም። የሚፈራው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክለቡ በአንድ ሰው ኪስ ላይ ተንጠልጥሎ ያ ሰው ሲሄድ ወይም ሲወድቅ አብሮ እንዳይወድቅ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ውድድር የሚገባበት በር በሜዳ ውጤት መከፈቱ ቀርቶ በገንዘብና በግብዣ ብቻ የሚከፈት እንዳይሆን ነው። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ በታሪክ እንየው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ከተባለው በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርቱም፣ 1957

አርካዊት ሰፈር የኖርን ኢትዮጵያውያን ወደ መሀል ካርቱም በአውቶቡስ ስንመላለስ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በዚያችው ከተማ፣ በየካቲት ወር 1957 ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም የተካሄደው በዚያው ወር በካርቱም ስታዲየም ነው። መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። ከኢትዮጵያ በኩል አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ከሱዳን ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ፣ ከግብፅ አብደል አዚዝ ሳሌም ነበሩበት። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ግብፃዊው አብደል አዚዝ ሳሌም ሆኑ።

ደቡብ አፍሪካ ግን በውድድሩ አልተጫወተችም። በአፓርታይድ ሕግ የምትተዳደር ስለነበረች ወይ ነጮች ብቻ ያሉበትን፣ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተደባለቀ ቡድን አልክም አለች። ሌሎቹ መሥራቾች ይህንን አንቀበልም በማለታቸው ከውድድሩ ወጣች። በመሆኑም በዋንጫው ሦስት አገሮች ብቻ ቀሩ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተመድባ ስለነበር ያለጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ ኢትዮጵያን ገጠመችና 4 ለ 0 ረታች። አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ የተባለው ግብፃዊ ነበር።

ውጤቱ ለእኛ ደስ የሚል ባይሆንም ልብ ማለት የሚገባን ሌላውን ነው። ሦስት ድሃ ፌዴሬሽኖች፣ ገና ማኅበራቸው ሳይጠነክር፣ አንድ ሀብታም አባል ከማጣትና በሰው ቀለም በሩን ከመዝጋት የቱ እንደሚሻል ተጠየቁ። አባሉን ማጣት መረጡ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ በሌላ መልክ መጣ። ለ1966ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ አልሰጠም ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው ወገን አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ካሸነፈ ብቻ ነበር የሚገባው። አቶ ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ይህንን ተቃወሙ፤ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ወጡ። ኮንፌዴሬሽኑ በፊፋ ተቀጣ። ነገር ግን ለ1970ው የሜክሲኮ ውድድር ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተፈቀደና ሞሮኮ በዚያ በር ገባች።

እዚህ ላይ ተማሪዎች አንድ ልዩነት እንዲይዙ እፈልጋለሁ። አፍሪካውያኑ ከውድድር የወጡት በሩ እንዲከፈት ብለው ነው፤ ለራሳቸው ብቻ ሌላ ቤት ሠርተው ከውስጥ ለመቆለፍ አልነበረም። «ተገንጣይ» የሚባል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ማለት ነው።

የአንድ ክለብ ሦስት ስሞች

ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ስንሻገር ደግሞ «ክለብ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከኛ ዘንድ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው እናያለን። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ልጆች ነው። መሥራቾቹ ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ ሲሆኑ ወጣቱ ይድነቃቸውም ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች አንዱ ነበሩ። ክለቡ ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የፋሺስት አስተዳደር ኳሱን አልከለከለም፤ ግን ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች ተለይተው እንዲጫወቱ አደረገ፤ የክለቡንም ስም ለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አለው።

ከነፃነት በኋላ ስሙ ተመለሰ። በ1944 በተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የተሰለፉት አምስት ቡድኖች የአዲስ አበባን መልክ የሚያሳዩ ነበሩ፦ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ።

ደርግ ሲመጣ ክለቦች በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ሥር እንዲዋቀሩ ተደረገ። ቅዱስ ጊዮርጊስም «አዲስ አበባ ቢራ» ተባለ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወዲህ እንደገና የቀድሞ ስሙን አገኘ።

እንግዲህ አንድ ክለብ በግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስሙን ተነጠቀ። የነጠቁት ሀብታሞች አልነበሩም፤ ጉልበት ያላቸው ነበሩ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን፣ ደጋፊው በልቡ የያዘውን ስም ማንም ሊፍቀው አልቻለም። ስሙ ሊመለስ የቻለውም የሚያስታውሰው ሰው ስለነበረ ነው። «ባለቤት» የሚለው ቃል በሕግና በሕዝብ ዘንድ ሁለት ትርጉም አለው የምለው ለዚህ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ክለቡ በባለ ሀብቱ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ድጋፍ በሰፊው ሲጠቀም ቆይቷል። ደጋፊውም ምስጋናውን አልነፈጋቸውም። ነገር ግን ሼሁ ከኅዳር 2017 እስከ ጥር 2019 በሳዑዲ አረቢያ ታስረው በቆዩበት ጊዜ አንድ ጥያቄ መነሳቱ የማይቀር ነበር፤ ትልቅ ክለብ ዓይኑን በአንድ ሰው ላይ ጥሎ እስከ መቼ ይኖራል? ይህ ሰውየውን መውቀስ አይደለም። ምሰሶው አንድ ብቻ የሆነ ቤት፣ ምሰሶው ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን፣ ያሰጋል።

የኦምዱርማን ሀብታሞች

ሱዳን ውስጥ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው አገሩ በኳስ ሁለት ነው፦ ሂላልና መሪኽ። ሂላል ሰማያዊ፣ መሪኽ ቀይ። ሁለቱም የኦምዱርማን ልጆች ናቸው፤ ስታዲየሞቻቸውም የሚራራቁ አይደሉም። አርካዊት ውስጥ ከባለ ሱቁ እስከ ረክሻ ነጂው አንድም ሂላላቢ ነው አንድም መሪኻቢ። እኛም ሐበሾቹ ሳንወድ በግድ አንዱን እንመርጥ ነበር፤ አለዚያ ሻይ ላይ ወሬ የለማ!

እነዚህ ክለቦች በሕግ የአባላት ማኅበራት ናቸው። ፕሬዚዳንታቸውን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። እነሱም እንደ ጊዮርጊስ የጉልበተኛን እጅ ቀምሰዋል፤ በ1976 ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኒሜይሪ «የሕዝብ ስፖርት» በሚል መርሕ ክለቦቹን አፍርሰዋቸው ነበር። ሕዝቡ ግን ሂላልና መሪኽ ማለቱን አልተወም፤ ክለቦቹም ተመለሱ።

ከ2000 ወዲህ ደግሞ የሀብታም ፕሬዚዳንቶች ዘመን መጣ። ሂላልን የመሩት ሳላህ ኢድሪስ በነሐሴ 1998 በአሜሪካ ሚሳይል የተመታው የአል ሺፋ መድኃኒት ፋብሪካ ባለቤት የነበሩት ነጋዴ ናቸው። መሪኽን ደግሞ ነጋዴው ጀማል አል ዋሊ ለብዙ ዓመታት መርተዋል። ኋላም «ካርዲናል» በሚል ስም የሚታወቁት አሽረፍ ሰይድ አሕመድ ሂላልን ያዙ። በነዚህ ሰዎች ጊዜ ከናይጄሪያና ከሌሎች አገሮች ተጫዋቾች መጡ፤ ስታዲየሞች ታደሱ፤ የሂላል ሜዳ «ሰማያዊው ዕንቁ» ተባለ። ደጋፊውም ስማቸውን እየጠራ ዘፈነ። ይህ እውነት ነው፤ መካድ የለበትም።

ይሁን እንጂ አንድ ቁጥር እንመልከት። የሱዳን ክለብ ያነሳው ትልቅ የአፍሪካ ዋንጫ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መሪኽ በ1989 ያገኘው የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ነው። ሂላል በበኩሉ በ1987 እና በ1992 ለአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ሁሉም የሆነው ከሀብታሞቹ ዘመን በፊት ነው። ከ2000 ወዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ ፈሶ ሁለተኛ ዋንጫ እስከ 2025 አልመጣም። ገንዘብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። «ሀብታም ከመጣ ዋንጫ ይመጣል» የሚለው አነጋገር ግን በኦምዱርማን አልሠራም።

ሌላም ነገር አለ። ጉባኤው የሚመርጥ ከሆነ፣ ገንዘብ ያለው ሰው የብዙ ሰዎችን የአባልነት መዋጮ ራሱ ከፍሎ ድምፃቸውን ሊያገኝ ይችላል። ሱዳኖች ይህን «ኡድዊያ ሙስተጅለባ» ይሉታል፤ ከውጭ ተሰብስቦ የመጣ አባልነት እንደ ማለት ነው። ስለዚህ የአባላት ማኅበር መሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አባሉ መዋጮውን ከራሱ ኪስ ሲከፍል ብቻ ነው ድምፁ የራሱ የሚሆነው።

የዕድር ምሳሌ

ነገሩን ለክፍል ለማስረዳት የምጠቀመው ምሳሌ ዕድር ነው። አንድ ሰፈር ዕድር አለው እንበል። ሁሉም በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። አንድ ሀብታም ጎረቤት መጣና «አትቸገሩ፣ ድንኳኑንም ወንበሩንም ሳህኑንም እኔ እገዛለሁ፤ መዋጮም ይቅር» አለ። ሰዉ መረቀው። ከዓመት በኋላ ግን ሰብሳቢው እሱ፣ ፀሐፊው የሱ ልጅ፣ መጋዘኑ የሱ ግቢ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት «ድንኳኑ የኔ ስለሆነ ለማን እንደሚተከል የምወስነው እኔ ነኝ» አለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። የዕድሩ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ቢጠረጥሩ ምቀኞች ይባሉ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ቢጮኹ ደግሞ የሚሰማቸው የለም።

የኳስ ደጋፊም ያለበት ሁኔታ ይኸው ነው። ሳሙና የሚገዛ ሰው ሳሙናው ካላስደሰተው ሌላ ይገዛል። ደጋፊ ግን ከአባቱ የወረሰውን ክለብ ትቶ ወደ ሌላው አይሄድም። ሊሄድ የማይችል ደንበኛ ደግሞ ያለው ብቸኛ መሣሪያ መጮህ ነው።

እንግሊዞቹ ለምን ጮኹ?

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። እንግሊዝ ውስጥ መገንጠል የተጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1992 ሃያ ሁለት ክለቦች ከቀድሞው ሊግ ወጥተው ፕሪሚየር ሊግን መሠረቱ፤ ምክንያቱም የቴሌቪዥን ገንዘብ ነበር። ነገር ግን በሩን አልዘጉም። የተሸነፈው ይወርዳል፣ ከታች ያሸነፈው ይወጣል።

ደጋፊውን ያስቆጡት በኋላ የመጡት ነገሮች ናቸው። በ2002 የለንደኑ ዊምብልደን ክለብ ባለቤቶች ክለቡን ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሚልተን ኪንስ እንዲያዛውሩ ተፈቀደላቸው። ደጋፊዎቹ እኛ ከሰፈራችን አንነቀልም አሉና በዚያው ዓመት የራሳቸውን ክለብ፣ ኤኤፍሲ ዊምብልደንን፣ መሠረቱ። ከታችኛው እርከን ጀምረው እየወጡ በ2011 ወደ እንግሊዝ ሊግ ገቡ። በ2005 ደግሞ የአሜሪካው የግሌዘር ቤተሰብ ማንችስተር ዩናይትድን ሲገዛ የግዢውን ገንዘብ ትልቅ ክፍል የተበደረ ሲሆን ዕዳው በክለቡ ላይ ተጫነ። ክለቡ በራሱ ገንዘብ ተገዛ ማለት ይቻላል! ከደጋፊው የተወሰነው ወጥቶ ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንችስተርን መሠረተ።

ዊምብልደንም ማንችስተርም እንግዲህ ተገንጣዮች ነበሩ። ግን ከታች ጀመሩ፤ ማንንም ሳያስወጡ በውጤት ወጡ።

ከዚያ 2021 መጣ። ሚያዝያ 18 ቀን አሥራ ሁለት ሀብታም ክለቦች፣ ስድስት ከእንግሊዝ፣ ሦስት ከስፔን፣ ሦስት ከጣሊያን፣ የራሳቸውን «ሱፐር ሊግ» መሠረትን አሉ። ሊቀ መንበሩ የሪያል ማድሪዱ ፍሎሬንቲኖ ፔሬዝ ነበሩ። በዕቅዱ መሠረት ሃያ ክለቦች ይኖራሉ፤ ከነሱም አሥራ አምስቱ መሥራቾች በመሆናቸው ምንም ያህል ቢሸነፉ አይወርዱም። የቀረው ዓለም ለአምስት ቦታ ይሻማል።

ያን ሰሞን አርካዊት የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። ሱዳኖቹ ረመዳን፣ እኛም ሁዳዴ ይዘን ነበር። ከፊጡር በኋላ ሲት ሻይዋ ዘንድ በርጩማ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ማንችስተርንም ሆነ ባርሴሎናን ረግጦ የማያውቅ፣ ጨዋታውን በናዲ ውስጥ ከፍሎ የሚያይ ሰው፣ ጉዳዩ የሱ እንደሆነ ተሰምቶት ነበር። «ሀብታሞች ለብቻቸው ሊበሉ ነው» የሚለው አባባል ትርጉም የማያስፈልገው አባባል ነውና።

በሁለተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 20፣ የቼልሲ ደጋፊዎች ከስታዲየማቸው ውጭ መንገድ ዘግተው የራሳቸውን ቡድን አውቶቡስ አቆሙ። የቀድሞው በረኛ ፒተር ቼክ ወጥቶ እስከ መለመን ደረሰ። በዚያው ምሽት ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ለመውጣት ወሰኑ። ግንቦት 2 ደግሞ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ውስጥ ገብተው ከሊቨርፑል ጋር የነበረው ጨዋታ እንዲተላለፍ አደረጉ።

እዚህ ላይ ቼልሲን ልብ በሉ። ሩሲያዊው ሮማን አብራሞቪች ከ2003 ጀምሮ ክለቡን በዋንጫ አንበሽብሸውታል፤ ደጋፊውም ይወዳቸው ነበር። ሆኖም በሩ ሊዘጋ ሲል የተወደደው ባለቤት ክለብ ደጋፊም ጮኸ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2022፣ አብራሞቪች ከዩክሬን ጦርነት ጋር በተያያዘ በእንግሊዝ መንግሥት ማዕቀብ ሲጣልባቸው ክለቡ አዲስ ትኬት እንኳ መሸጥ የማይችልበት ጊዜ መጣ፤ በዚያው ዓመትም ተሸጠ። የአንድ ምሰሶ ቤት ያልኩት ይህንን ነው።

ጀርመኖችስ? በነሱ አገር ከጥቂት ክለቦች በስተቀር ከድምፁ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአባላት እጅ መቆየት አለበት የሚል ደንብ አለ። ከባየርን ሙኒክም ከዶርትሙንድም ወደ ሱፐር ሊጉ የገባ አልነበረም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። በታኅሣሥ 2023 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ፊፋና የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር አዲስ ውድድርን በፈለጉት መንገድ መከልከላቸው ከውድድር ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ። በሌላ አነጋገር፣ አሮጌዎቹ በር ጠባቂዎችም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም ተባለ። ይህንን መዝለል ለተማሪ ግማሽ እውነት መስጠት ይሆናል።

የአፍሪካው ሱፐር ሊግ

አውሮፓ ላይ የከሸፈው ሐሳብ አፍሪካ ውስጥ ግን በራሱ በኮንፌዴሬሽኑ በኩል መጣ። በነሐሴ 2022 አሩሻ ላይ ሃያ አራት ክለቦች የሚሳተፉበትና የመቶ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ያለው የአፍሪካ ሱፐር ሊግ ታወጀ። በጥቅምት 2023 ሲጀመር ግን ስሙ «የአፍሪካ ፉትቦል ሊግ» ሆኖ ክለቦቹ ስምንት ብቻ ነበሩ፦ አል አህሊ፣ ዊዳድ፣ ኤስፔራንስ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ቲፒ ማዜምቤ፣ ሲምባ፣ ፔትሮ ዴ ሉዋንዳና ኤኒምባ። መክፈቻው ዳሬሰላም ላይ ተደርጎ ዋንጫውን ሰንዳውንስ ወሰደ። ሰንዳውንስ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የሆኑት የባለ ሀብቱ የፓትሪስ ሞትሴፔ ቤተሰብ ክለብ ነው። ሰንዳውንስ ጠንካራ ቡድን መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሜዳ ላይም አሸንፏል። ግን ዳኛውም ባለ ጉዳዩም ከአንድ ቤት ሲወጡ ሰው ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ከስምንቱ መካከል ኢትዮጵያም ሱዳንም የሉም። ኮንፌዴሬሽኑን ካርቱም ላይ ከመሠረቱት አራቱ አገሮች የተጋበዙት የሁለቱ ክለቦች ብቻ ናቸው፤ የግብፅና የደቡብ አፍሪካ።

ስደተኛው ክለብ

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ። አርካዊትም እንደ ሌላው ሰፈር ሰዉ ተበተነ። የሱዳን ሊግ ቆመ፤ ሂላልና መሪኽም እንደ እኛው ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። በ2024/25 የውድድር ዘመን ሁለቱም በሞሪታኒያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ። ሂላል በነጥብ ከሁሉም በላይ ሆኖ ጨረሰ፤ እንግዳ ስለነበረ ግን የአገሪቱ ሻምፒዮንነት የተመዘገበው ለሀገሬው ክለብ ነው። ሥራውን ሠርቶ ወረቀቱን አለማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ትምህርቱን ጀምሮ ያቋረጠ፣ ተፈትኖ የምስክር ወረቀቱ «አይታወቅም» የተባለ፣ በመካከላችን ብዙ ሰው አለ።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ሂላል በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግም ተሳትፏል። ሜዳው ኦምዱርማን በጦርነት ውስጥ ስለነበረ «የቤቱን» ጨዋታ ኑዋክሾት ላይ ነበር የሚያደርገው። በምድቡ ውስጥ የነበሩት የአልጄሪያው ኤምሲ አልጀርስ፣ የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስና የኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ ናቸው። ሂላል ከምድቡ አንደኛ ሆነ፤ ከስምንቱ ተጋባዦች አንዱ የነበረው ማዜምቤ መጨረሻ ወጣ። በሩብ ፍጻሜ ሂላል በአል አህሊ ተሸንፎ ቀረ።

እስቲ አስቡት። አገር የሌለው፣ ስታዲየም የሌለው ክለብ ከአፍሪካ ስምንት ምርጥ ክለቦች አንዱ ሊሆን የቻለው ለምንድን ነው? በሩ ክፍት ስለነበረ ነው። ደንቡ «አሸንፈህ ግባ» ስለሚል ነው። በሩ በግብዣ ብቻ የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ስደተኛን ክለብ ማን ይጋብዘው ነበር? ማስታወቂያ የለው፣ ተመልካች የሚያስገባበት ሜዳ የለው።

ለኔ የደጋፊው ጥርጣሬ ሚዛን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። ሀብታም ያስፈልጋል፤ ሂላልም በስደት የቆየው ያለገንዘብ አይደለም። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። ችግሩ የሚመጣው የሰማዩን መንገድ የያዘው ሰው የምድሩን ሲዘጋው ነው። ስለዚህ ባለ ሀብት ሲመጣ ከጭብጨባም ከስድብም በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል። ነገ ቢሄድ ክለቡ ምን ይቀረዋል? ዕዳው በማን ላይ ነው? ከታች ያለው ቡድን ቢያሸንፍ መግባት ይችላል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ለኳስ ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ለማኅበርም፣ ለትምህርት ቤትም፣ ለእርዳታ ፕሮጀክትም ይሆናሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥም የፕሪሚየር ሊጉን ውድድር ክለቦቹ ራሳቸው ባቋቋሙት አክሲዮን ማኅበር በኩል መምራት ጀምረዋል። መውረድና መውጣቱ ግን እንዳለ ነው። ይህ እስካለ ድረስ ከታች ያለው የክልል ከተማ ቡድን ተስፋ አለው። እሱ የቀረ ቀን መጮህ ይገባል።

ለክፍል ውይይት

1. በ1957 ካርቱም ላይ መሥራቾቹ ደቡብ አፍሪካን ቢቀበሉ ኖሮ ኮንፌዴሬሽኑ ምን ያተርፍ፣ ምን ያጣ ነበር?

2. የ1966ቱ የአፍሪካ እምቢታና የ2021ዱ ሱፐር ሊግ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?

3. በካምፓችን ያሉት የኳስ ቡድኖች ኳስና ማሊያ የሚሰጣቸው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ምን ደንብ ብታወጡ ይሻላል? ደንቡን በአምስት መስመር ጻፉ።

መልሳችሁን ለመምህራችሁ ስጡ።